የመምህሩ ዕዳ በአገልግሎት ይሰረዛል፤ የሽንኩርት ነጋዴዋስ?

ፎቶ ኮፒ ቤቴ ሐሙሲት ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። በዚህች ጠባብ ክፍል የማያልፍ ወረቀት የለም፦ የመሬት ክስ፣ የዕቁብ ደንብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የተማሪ ትራንስክሪፕት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የበዛብኝ ግን «ወጣት ሥራ ፈጣሪዎችን መደገፍ» የሚል ርዕስ ያለው የስኮላርሽፕና የውድድር ማመልከቻ ነው። ልጆቹ በስልካቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ እኔ እተይባለሁ። እንግሊዝኛው እነሱን ሲያስቸግራቸው እተረጉምላቸዋለሁ፤ እኔንም ሲያስቸግረኝ አብረን እንገምታለን።

የምጽፈው እንግዲህ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ይህን ሁሉ ቅጽ ስሞላ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲ ያለን ሥራ ፈጣሪ ልጅ እንርዳ ሲባል፣ ገንዘቡ የሚፈስበት ቦታና ልጁ የሚወድቅበት ቦታ አይገናኙም። ገንዘቡ ለሥልጠናና ለሽልማት ይሄዳል። ልጁ የሚወድቀው ግን ከተመረቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ለዚያ ጊዜ ደግሞ አገራችን የውጭ ለጋሽ ሳትጠብቅ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ።

አንዷን ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራው አትወድልኝም። የቆራጣ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዘንዘልማ ግቢ ግብርና ትማራለች። ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ሲወጡ በእኛው መንገድ ላይ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ በሚኒባስ ብቅ ትላለች።

ነገሩ የሽንኩርት ነገር ነው። የደራና የፎገራ ገበሬ የክረምቱን ሰብል ካነሳ በኋላ ከጉማራ ወንዝ በፓምፕ ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ሽንኩርቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ተያይዞ ይደርሳል። ሁሉም ባንዴ ስለሚያወጣ ዋጋውን የሚጠራው አይሱዙ አስከትሎ የመጣው ደላላ ነው። ገበሬው ማስቀመጫ ስለሌለው «አልሸጥም» የሚልበት አቅም የለውም፤ ማሳው ላይ ከሚበሰብስበት በተባለው ይሰጣል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲከብድ ያው ገበሬ ለወጡ የሚሆን ሽንኩርት ከገበያ በውድ ገዝቶ ይገባል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ እናማርራለን፣ በየዓመቱ ይደገማል።

ልጅቱ አላማረረችም። አባቷ ግቢ ውስጥ ከባሕር ዛፍ አጣና ቆጥ አሠራች፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎኑ ክፍት ሆኖ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ላዩ በሣር የተከደነ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ሽንኩርቱ በጆንያ ታጭቆ አይቀመጥም፤ ቆጡ ላይ በስሱ ይነጠፋል። ከመግባቱ በፊት ጥላ ሥር ይደርቃል። ከዚያ እሷ አንድ በአንድ እያነሳች አንገቱን በሁለት ጣቷ ትጨምቃለች። አንገቱ ወፍራምና እርጥብ የሆነው ወደ ጎን ይወጣል፤ ያንን በዚያው ሳምንት ትሸጠዋለች። ጠንቶ የደረቀው ብቻ ቆጡ ላይ ይወጣል። «መበስበስ የሚጀምረው ከአንገቱ ነው እትዬ፤ አንዱ ከገባ ጎረቤቱን ሁሉ ይጨርሳል» አለችኝ። ክፍል ውስጥ የተማረችው ነው። አባቷ መጀመሪያ «ሽንኩርት በዓይን ነው የሚታወቀው፣ ምን ትጨምቂያለሽ?» ብለው ነበር፤ ዝናቡ ገብቶ የእሷ ሳይበላሽ ሲቆይ ነው ዝም ያሉት።

መነሻ ገንዘቡን ከየት አመጣችው? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚያስቀው። በዩኒቨርሲቲ ካፍቴሪያ የማይመገብ ተማሪ የምግቡን በጀት በገንዘብ ይቀበላል፤ ልጆቹ «ኖን ካፌ» ይሉታል። ለዓመታት በቀን ከ22 ብር ያላለፈው ይህ በጀት በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በወር 3,000 ብር መሆኑ ነው። እሷ ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን ለሽንኩርት ታስቀምጣለች። ከቤት በሶና ቆሎ ይላክላታል። ስለዚህ የዚች ልጅ የሥራ ፈጠራ ስኮላርሽፕ ሰጪ ሳያውቀው የሰጠ መንግሥት ነው፤ የከፈለችው ደግሞ ሆዷ ነው።

ይህቺን ልጅ ነው እንግዲህ ቅጽ ሙይ ያልናት። «ተወዳዳሪዎችሽ እነማን ናቸው?» ይላል ቅጹ። አሰብ አድርጋ፣ «ዝናብ ብለሽ ጻፊልኝ» አለችኝ። «በአምስት ዓመት ውስጥ በስንት አገሮች ለመስፋፋት አቅደሻል?» ይላል። «ወረታን መድረስ ይቻላል» አለች። ጻፍኩት። በመጨረሻ ደግሞ ሐሳቧን በእንግሊዝኛ የምታስረዳበት የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ተጠየቀች። ድርጅቱን አልጠራውም፤ መልስም አልሰጣት።

እውነቱን ለመናገር ቅጾቹን በደንብ የሚሞሉ ልጆች አሉ። ናሙና ከጓደኛ ይቀባበላሉ፤ «ገበያው ሰፊ ነው» የሚለው አንቀጽ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ እኔ ራሴ በቃሌ ይዤዋለሁ። ግማሹ ስለ እምቦጭ ነው፦ ከእምቦጭ ከሰል፣ ከእምቦጭ ባዮጋዝ፣ ከእምቦጭ ማዳበሪያ። እምቦጭ በማመልከቻ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጣና ላይ አንድ ቅጠል ባልቀረ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ገምጋሚ የሚወደውን ርዕስ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል ነው የምለው። የሽንኩርት ቆጥ ያቆመች ልጅ ይህን ሙያ ለመማር ጊዜ የላትም።

ድጋፍ ጭራሽ የለም ብዬ አላማም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የንግድ ሐሳብ ማጎልበቻ ማዕከል አቋቁሟል። በአገር ደረጃ «ብሩህ» የሚባለው የሥራ ፈጠራ ሐሳብ ውድድር አለ። ከአፍሪካ ደግሞ የናይጄሪያው ባለሀብት የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረጡ ጀማሪዎች የማይመለስ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ኢትዮጵያውያንም ይወዳደራሉ። ሁሉም ግን በኢንተርኔት ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ልጆቹ ማመልከቻቸውን በፍላሽ ይዘው፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን፣ ዋይፋይ ፍለጋ ባሕር ዳር ይሄዱ ነበር። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይራዘምም።

ሽልማቱን ያገኘስ? ገንዘቡ አንድ ቀን ይመጣል፤ ፎቶ ይነሳል፤ በጨርቅ ባነር ፊት ትልቅ የካርቶን ቼክ ይያዛል። ልጁ በማግስቱ ፈተና አለበት። ሥራውን የሚጀምረው ከምረቃ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ ለእህት ሕክምና፣ ለአባት በሬ፣ ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ልጁን አልወቅስም። በአንድ ቤት ገንዘብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ገንዘብ የቤቱ ነው።

ባሕር ማዶ ስኮላርሽፕ ሌላ መልክም አለው። አሜሪካዊው ባለሀብት ፒተር ቲል በ2011 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ ትተው ሥራ እንዲፈጥሩ 100,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። ይህን ለአንድ የደራ አባት ብነግራቸው ያበድኩ ይመስላቸዋል። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ በነበሩበት አገር፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የመንደሩ ሁሉ ልጅ ነው። ለእሱ «ተወው» ማለት ድጋፍ አይሆንም። ለእኛ የሚያዋጣው ተምሮ ጨርሶ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ ሥራውን ለመጀመር ትንፋሽ የሚያገኝበት መንገድ ነው።

ትንፋሽ የምለውን በልጅቱ በኩል ላስረዳ። የምትመረቅ ዕለት ዶርም ይዘጋል፤ ኖን ካፌው ይቆማል። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለ፤ እሱን ታልፋለች እንበል። ቤት ስትገባ ጎረቤት ሁሉ «የት ተቀጠርሽ?» ይላል። ሽንኩርት አስቀምጣለሁ ብትል አክስቶቿ ያዝኑላታል፤ «ተምራ ተምራ ሽንኩርት!» ይባላል። ብድር ፍለጋ ብትሄድ ካርታ ወይም የደመወዝተኛ ዋስ አምጪ ትባላለች። በ2011 የወጣው አዋጅ የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ከብትና ምርት ጭምር፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ሽንኩርት አስይዞ የተበደረ ሰው ግን በእኔ በር አላለፈም። በ2009 በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በበኩሉ ብድሩን በዋናነት በማኅበር ለተደራጁ ነው የሰጠው። ቃለ ጉባኤያቸውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ አምስቱ አባላት ፊርማ ላይ እንጂ ሥራ ላይ አብረው የታዩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ይመጣል። በ1995 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የተጀመረው ይህ አሠራር ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ያደርጋል። ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እየተቆረጠ ይከፈላል። ዕዳው እስኪጠራ ኦሪጅናል ዲግሪው አይለቀቅም። በሐሳቡ ላይ ጠብ የለኝም። የድሃ ገበሬ ግብር የሀብታም ልጅ ብቻ የሚማርበት እንዳይሆን የተማረ ሰው ትንሽ ይመልስ ማለት ፍትሕ ነው።

ልብ ያላልነው ግን በደንቡ ውስጥ አንድ ቀዳዳ አለ። በመምህርነት ሠልጥኖ የሚያስተምር ሰው ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት ይከፍላል። አገር መምህር ስለሚያስፈልጋት የማስተማሩ ዘመን እንደ ክፍያ ይቆጠርለታል። ትክክል ነው። ታዲያ አገር ሥራ የሚፈጥር ሰው አያስፈልጋትም? በየመድረኩ «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው መንግሥት ራሱ አይደለም? ያንን የሰማ ልጅ ሥራ ፈጥሮ ሲመጣ መምህር ያላገኘውን የዕዳ ደብዳቤ ያገኛል።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከተመረቀ በኋላ የራሱን ሥራ የጀመረ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ቀጥሮ ለሦስት ዓመት ያቆየ ወጣት የወጪ መጋራት ዕዳው በአገልግሎት እንደተከፈለ ይቆጠርለት። ኦሪጅናል ዲግሪውም ሥራውን የጀመረ ዕለት ይሰጠው እንጂ በሦስት ዓመት መጨረሻ አይሁን፤ ባንክም ጨረታም የሚጠይቁት እሱን ነው። ከዚህ ጋር የተማሪነት የምግብ በጀቱ፣ ያው በቀን 100 ብር፣ ከምረቃ በኋላ ለአንድ ዓመት ይቀጥልለት። ሽልማት አይደለም፣ የካርቶን ቼክም አያስፈልገውም፤ በየወሩ በባንክ የሚገባ በሶና ዳቦ ነው።

«ይጭበረበራል» የሚለው ተቃውሞ ወዲያው እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የማጭበርበሪያ ወረቀትም የሚተየበው እንደኔ ባሉ ቤቶች ነው። የንግድ ፈቃድ አውጥቶ በር ዘግቶ የሚቀመጥ አይጠፋም። ስለዚህ ፈቃዱ አይታይ፤ የጡረታ መዋጮው ይታይ። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያስገባሉ። የሌለ ሠራተኛ ስም አስመዝግቦ ለሦስት ዓመት በየወሩ 18 በመቶ የሚከፍል አጭበርባሪ ካለ እሱ አጭበርባሪ አይደለም፣ በጎ አድራጊ ነው። ተጨማሪ ኮሚቴ፣ ተጨማሪ ገምጋሚ፣ ተጨማሪ ቪዲዮ አያስፈልግም።

«መንግሥት ገቢ ያጣል» ለሚለው ደግሞ፣ ከደመወዝተኛው አሠሪው ይቆርጥለታል፤ የራሱን ሥራ ከያዘው ልጅ ማን ይቆርጣል? እየሸሸ ከሚኖር ባለዕዳ ይልቅ በግልጽ ግብር የሚከፍል፣ ሁለት ሰው ያሳደረ ነጋዴ ይሻላል። በጡረታና በግብር የሚያስገባው ከጊዜ በኋላ ከዕዳው ሊበልጥም ይችላል።

ይህ ዓይነቱ መንገድ በዓለም ያልታየ አይደለም። ጆሃንስበርግ አጠገብ ያለው የአፍሪካ ሊደርሺፕ አካዳሚ ከመላው አህጉር ወጣቶችን ተቀብሎ መሪነትና ሥራ ፈጠራ ያስተምራል። ወጪውን እንደ ብድር ይመዘግበዋል፤ ተማሪው በኋላ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ከሠራ ብድሩ ይሰረዝለታል። ወደ እኛ ስንቀርብ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች ያስተምራል። እዚያ የወደድኩት አንድ ነገር የክፍያውን ማለቅ ብቻ አለማየታቸው ነው፤ ልጁ የሚኖርበትን፣ የሚበላበትን፣ ክፍል የሚደርስበትን ጭምር ያያሉ። ሥራ ፈጣሪ ልጅም እንዲህ ቢታይ ምን ነበረበት?

ድሆች ነን የሚለውን መልስ አልቀበልም። ሚያዝያ 1950 አክራ ላይ ነጻ የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል ለመስጠት ቃል ገብታ፣ ከኬንያና ከሌሎች አገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ተምረዋል። ያኔ ከዛሬው የበለጠ ሀብታም አልነበርንም።

ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የምለው አለኝ። ምርጫውን ወደ ገበያ አምጡት። ሥራ ፈጣሪ ተማሪ መደገፍ ስትፈልጉ ቪዲዮ ከመጠየቅ አንድ መምህርና አንድ የሥራ ሰው በገበያ ቀን ሐሙሲት፣ ወረታ፣ መራዊ ላኩ። ልጁ የሸጠውን ይዩ፣ የገዛውን ሰው ይጠይቁ፣ ቆጡን ይንኩ። በአማርኛ ይጠይቁት። ማመልከቻ በእጅ ተጽፎ ቢመጣ ተቀበሉ፤ ይህን ስል ገበያዬን እየዘጋሁ እንደሆነ ይገባኛል። ከዚያ ደግሞ ግዙት። የዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያዎች ለስንት ሺህ ተማሪ ወጥ ሲሠሩ የሚገባው ሽንኩርት በጨረታ ከነጋዴ ነው የሚመጣው። ከዚያ ውስጥ ትንሽ ድርሻ ለራሳችሁ ተማሪዎችና ለቅርብ ተመራቂዎች ቢመደብ፣ ከማንኛውም ሥልጠና የሚበልጥ ስኮላርሽፕ ነው። የመጀመሪያ ደንበኛ የማግኘትን ያህል ጀማሪን የሚያጸና ነገር አላየሁም።

ጉዳዩ የሚያስቸኩል ይመስለኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 መጨረሻ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ባሕር ዳርን ጨምሮ ሌሎቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ገቢውን ራሱ ይፈልጋል፤ ማን ከፍሎ እንደሚማር፣ ማን በነጻ እንደሚማር ይወስናል። ያ ውሳኔ ሲጻፍ ከውጤት ካርድና ከድህነት ማስረጃ ጎን ሦስተኛ መስፈርት ይግባበት፦ ልጁ በእጁ የጀመረው ሥራ። ደንብ አንዴ ከወጣ በኋላ ለመቀየር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ደንብ ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

የትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ የምለምናችሁ አንድ አንቀጽ ነው። ለመምህሩ የተፈቀደው የአገልግሎት ክፍያ ሥራ ለፈጠረ ተመራቂም ይፈቀድ። ዕዳውን በዚህ መንገድ ለማጥራት አዲስ ፈንድ፣ አዲስ ተቋም፣ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በነባሩ ደንብ ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያደርገው አንድ ማሻሻያ ይበቃል።